ሱቁ ተዘግቶ ቆጣሪው ይሮጣል

ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ፣ ነጋዴው ማታ ቢሮውን ሲዘጋ አምፖሉን አጥፍቶ፣ በሩን ቆልፎ፣ ቁልፉን ሁለቴ ፈትሾ ይሄዳል። ኮምፒውተሩ ግን እንደበራ የሚያድርበት ቤት ጥቂት አይደለም።

“ሥራ ፈቶ ምን ይበላል?” ይባላል። ይበላል እንጂ! ስክሪኑ ላይ የሚንሳፈፈው ሥዕል ድሮ የተፈጠረው መስታወቱ እንዳይበላሽ ነው፤ ኤሌክትሪክ አይቆጥብም።

ሒሳቡን እንሥራው። ሥራ የፈታ ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ 80 ዋት ይወስዳል እንበል። ከምሽቱ 11፡30 እስከ ጧቱ 2፡30 ድረስ 15 ሰዓት ነው፤ 1.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት ነው። 10 ኮምፒውተር ያለው ድርጅት በ30 ሌሊት 360 ኪሎ ዋት ሰዓት ይከፍላል፣ አንድ ደረሰኝ ሳይቆረጥበት።

የጊቤ ጎረቤት መሆን ቅናሽ አያሰጥም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ ለአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል።

“ማጥፋትና ማብራት ማሽን ይጎዳል” ለሚሉም መልስ አለ፤ መብራት ሄዶ ድንገት ሲመለስ የሚመታው ይብሳል። ሰርቨርና የካሜራ መቅጃ ይቅር፣ ሌላው ከዲቫይደሩ ይጥፋ። ቀን ላይ ደግሞ 15 ደቂቃ ካልተነካ ራሱ እንዲተኛ ማስተካከል ሳንቲም አያስወጣም።

የሚያንገበግበው የጋራ ቆጣሪ ያለበት ሕንፃ ነው። ሒሳቡ በክፍል ቁጥር ስለሚካፈል፣ አጥፍቶ የሚሄደው ተከራይ ሳያጠፋ ለሚሄደው ይከፍላል። ኪራይ ለመጨመር የሚፈጥኑ አከራዮች መጀመሪያ ለየክፍሉ ቆጣሪ ያስገቡ።