ሳይቸግር ጤፍ ብድር

ዛሬ ስለ አሮጌ የእንጨት ዕቃ እናውጋ። «በዚህ ችግር መሀል?» ትሉን ይሆናል። እስኪ እስከ መጨረሻው ታገሡን።

ካርቱም፣ ዴም ሰፈር በተከራየናት ክፍል ውስጥ አንዲት ግራሞፎን ነበረችን። ኦምዱርማን ገበያ አንድ ሽማግሌ በርካሽ የለቀቁልን ናት። መብራት ሲጠፋ እጀታዋን ይዘን እንሞላትና ልጆቹ ዙሪያዋን ከበው ያዳምጣሉ። ሣጥኗ ግን ጠቁሮ ተጫጭሯል። በዓል ሲደርስ «እናሳምራት» አልን። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግናት፤ አረንጓዴ የዘይት ቀለም ለቀለቅናት። ክዳኗ ላይ የነበረው የፋብሪካው ምልክትም አብሮ ተፋቀ። አናጢ የነበሩ አባት፣ ጎረቤታችን፣ እንኳን አደረሳችሁ ሊሉን መጥተው አዩአትና፣ «ምነው ልጆቼ፣ ቆዳዋን ገፈፋችሁባት?» አሉን።

ከሳቸው ብዙ ተማርን። የድሮ ሣጥን ብዙ ጊዜ የሚወለወለው አናጢዎች ጎማላካ በሚሉት ነው። ይህም እስያ ውስጥ ዛፍ ላይ የምትኖር ትንሽ ነፍሳት የምታወጣው ሙጫ ነው፤ በአልኮል ይሟሟል። በጨርቅ እየሳሳ ተደጋግሞ ሲቀባ የእንጨቱን ጅማት አጉልቶ ያሳያል፤ የዘይት ቀለም ግን ይደፍነዋል። የሚገርመው፣ የድሮዎቹ ሸክላዎችም ፕላስቲኩ ሳይመጣ በፊት የሚሠሩት ይህንኑ ሙጫ ከድንጋይ ዱቄት ጋር በመደባለቅ ነበር። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ ጀርመን ሀገር ድምፃቸውን ያስቀዱት በዚያ ዘመን ሸክላ ነው። እንግዲህ የድሮ ሸክላን በአልኮል መወልወል ማጥፋት ነው ማለት ነው።

ቀለም ሁሉ ጥፋት ነው አንልም። አንዳንዱ የግራሞፎን መለከት ከፋብሪካው ቀለም ተቀብቶ የወጣ ነው፤ እሱን መፋቅ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው።

ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ነፍሳችንን ብቻ ይዘን ወጣን። የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም እንኳ ተዘርፏል፤ የኛ ሣጥን ምን ትሆናለች? የሚቆጨን ሌላ ነው። ነገ አንድ ገበያ ላይ ብናገኛት በምን እናውቃታለን? ምልክቷን ያጠፋነው እኛው ነን።

በየቤታችሁ ከሀገር የመጣ በርጩማ፣ ረከቦት ወይም ሣጥን አይጠፋም። ብሩሽ ከማንሳታችሁ በፊት ገልብጣችሁ እዩት፤ ስም ወይም ዓመት ተቀርጾበት ይሆናል። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ። ጎማላካ መሆኑን ለማወቅ በማይታይ ጥግ ላይ በጥጥ ጥቂት አልኮል ንኩት፤ ከተጣበቀ ነው። የድሮ ቀለምን ግን በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉ። እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ ብናኙ ሕፃናትን ይጎዳል።

አሮጌ ሁሉ ቆሻሻ አይደለም። የተጫጨረውን ማንም ያድሰዋል፤ የተፋቀውን ስም ግን የሚመልሰው የለም።

እስከሚቀጥለው ዕትም ሰላም ያሰንብተን።