ሳያነቡ አይፈርሙ



ባለፈው ሳምንት በመርጡለ ማርያም፣ የማታው ትምህርት እንዳለቀ አንዲት እናት ወደ እኔ ቀረቡ። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው የያዙትን ወረቀት ፈቱ።

«ልጄ፣ እስቲ ይህን አንብብልኝ» አሉ።

«እማማ፣ አሁንማ ራስዎ ያንብቡት እንጂ!» አልኳቸው።

ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር እያስኬዱ አነበቡ። «ስም...። ዕድሜ... 20 ዓመት።» ቀና አሉ። «ውሸት ነው! ልጄ ገና 17 ዓመቷ ነው!»

ወረቀቱን የሰጣቸው ደላላ ነው። ልጅቱን ወደ ዓረብ አገር እልካታለሁ ብሏል። የአውሮፕላን ቲኬትና የቪዛ ገንዘብ አምጡ ብሏል። እማማም አንዱን በሬ ሊሸጡ አስበው ነበር። ከወረቀቱ ግርጌ የጣት ማተሚያ ባዶ ቦታ ተትቷል።

ውጭ አገር ሄዶ ሠርቶ መብላት ነውር አይደለም። ግን በሕግ መሄድና በደላላ መሄድ ይለያያል። በ2006 ዓ.ም. መንግሥት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ለሥራ መሄድን አግዶ ነበር። በዚያው ዓመት ሳዑዲ ዓረቢያ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ከ100 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው መለሰች። ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ገቡ። እገዳው የተነሣው በ2010 ዓ.ም. ነው።

ስለዚህ ሥራ የወጣው ሕግ አዋጅ ቁጥር 923/2008 ይባላል። በ2013 ዓ.ም. ተሻሽሏል። ከሕጉ እነዚህን እንያዝ።

1ኛ፦ ሠራተኛው 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ለሚሄድበት ሥራም ሠልጥኖ የብቃት ማረጋገጫ ወረቀት ይይዛል።

2ኛ፦ ሰው የሚልከው ኤጀንሲ ከመንግሥት ፈቃድ ያለው መሆን አለበት። የሚልከውም ኢትዮጵያ የሥራ ስምምነት ወዳላት አገር ነው። ዮርዳኖስ፣ ኳታርና ሳዑዲ ዓረቢያ ስምምነት ከፈረሙት ውስጥ ናቸው።

3ኛ፦ የቪዛውን፣ የመሄጃና የመመለሻ ቲኬቱን፣ የሥራ ፈቃዱንና የመድን ዋስትናውን ወጪ የሚከፍለው አሠሪው ነው። ሠራተኛው የሚከፍለው እንደ ፓስፖርትና የጤና ምርመራ ያለውን ነው። ስለዚህ ለቲኬት በሬ ሽጡ የሚል ሰው ሕጉን አይከተልም።

4ኛ፦ ሠራተኛው የጽሑፍ ውል ይኖረዋል። ደመወዙ ስንት ነው? የሥራ ሰዓቱ ስንት ነው? የዕረፍት ቀን አለ ወይ? ቢታመም ማን ያሳክመዋል? ይህ ሁሉ በውሉ ላይ ይጻፍ። ውሉ በማናውቀው ቋንቋ ከሆነ ትርጉሙን ሳናይ አንፈርም።

አንድ ነገር ደግሞ አንርሳ። በጉብኝት ቪዛ የሄደ ሰው የመሥራት ፈቃድ የለውም። ደመወዙን ቢከለከል እንኳ አቤት ለማለት ይቸገራል።

የቸገረው ሰው መጀመሪያ ወረዳው ድረስ ሄዶ የሥራና ክህሎት ሠራተኞችን ይጠይቅ። የኤጀንሲውን ስም በወረቀት ጽፎ ይያዝ። «ይህ ፈቃድ አለው ወይ?» ይበል። መጠየቅ ገንዘብ አያስከፍልም።

እማማ ወረቀቱን ለደላላው መለሱለት። ጣታቸውን አላተሙም። ልጅቱ ግን እስከ ዛሬ አኩርፋለች። ጓደኞቿ ሄደዋልና እሷም መሄድ ትፈልጋለች።

እማማ ትናንት እንዲህ አሉኝ፦ «ትቆጣ፤ ግዴለም። 18 ሲሞላት መሄድ ከፈለገች አብረን ወረዳ እንሄዳለን። ውሉን እሷ ታነባለች፤ እኔም አነባለሁ።»

አዲስ ቃላት
ውል፦ ሁለት ሰዎች ተስማምተው የሚፈርሙበት ጽሑፍ።
ቪዛ፦ ወደ ሌላ አገር መግቢያ ፈቃድ።
ኤጀንሲ፦ ሠራተኛንና አሠሪን የሚያገናኝ ድርጅት።

እንወያይ
1. ደላላው የልጅቱን ዕድሜ ለምን 20 አለው?
2. የቲኬቱን ዋጋ በሕግ የሚከፍለው ማን ነው?
3. ልጅቱን ምን ብለን እንምከራት?