የዩኒቨርሲቲ ማዕረግም አማና ነው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በምርቃት ሰሞን መስጂድ በር ላይ የሚሰማ ወሬ አለ። «የእከሌን ልጅ ዩኒቨርሲቲው በውጤቱ አስቀረው» ይባላል። ማሻአላህ እንላለን። ከዚያ አንዱ «ምን ሆኖ ነው የቀረው?» ብሎ ይጠይቃል፤ «ጂኤ» የሚል መልስ ሲመጣ ወሬው ይቀዘቅዛል። ጂኤ ማለት ረዳት ምሩቅ ነው። ቤተሰብ «ረዳት» የምትለዋን ቃል ሲሰማ ደስታው ግማሽ ይሆናል። አጎት ከመርካቶ ይደውልና «ይህን ሁሉ ዓመት ተምረህ ረዳት? ና ሱቅ ግባ» ይላል። ልጁም ደመወዙን አይቶ ያመነታል።

በሌላ በኩል አንድ ሰው ስሙ ፊት «ዶ/ር» የምትለዋን ካስቀደመ የት ተማረ፣ ምን ጻፈ፣ ማንስ ፈተነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። የታችኛውን ደረጃ እንንቃለን፤ የላይኛውን ደግሞ ሳንጠይቅ እናከብራለን። ሁለቱም የሚመጡት በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማዕረግ እንዴት እንደሚገኝ ካለማወቅ ነው።

መጀመሪያ «ዶክተር» እና «ፕሮፌሰር» አንድ እንዳልሆኑ እንወቅ። ዶክትሬት የትምህርት ዲግሪ ነው። አንዴ ካገኘኸው ሥራ ብትቀይርም አብሮህ ይኖራል። (ሐኪሙ ዶክተር ሌላ ነው። የክብር ዶክትሬትም ሌላ ነው፤ እሱ ሽልማት እንጂ ተፈትነው የሚያገኙት አይደለም።) ፕሮፌሰርነት ግን የሥራ ማዕረግ ነው፤ በአገልግሎትና በሥራ የሚደረስበት። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን «የልጄ ፕሮፌሰር እንዲህ አለው» ሲሉ ደግሞ ብዙ ጊዜ የኮሌጅ መምህር ማለታቸው ነው። እዚያ ተማሪው አስተማሪውን ሁሉ እንደዚያ ይጠራዋል፤ በኮርስ እየተከፈለው በጊዜያዊነት የሚያስተምረውንም ጭምር።

በሀገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች መሰላሉ ከታች ሲነሳ ረዳት ምሩቅ፣ ረዳት ሌክቸረር፣ ሌክቸረር፣ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ ከዚያ ፕሮፌሰር ነው። በመጀመሪያ ዲግሪ ከታች ትገባለህ። ማስተርስ ስትይዝ ሌክቸረር ትሆናለህ። ፒኤችዲ የያዘ ሰው ብዙ ጊዜ በረዳት ፕሮፌሰርነት ይመደባል። እስከዚህ ድረስ ዲግሪው እየጎተተ ያወጣሃል። ከዚያ በላይ ግን ዲግሪ አይጎትትም። በደረጃው ላይ የተወሰኑ ዓመታት ማገልገል፣ ጥናት ማሳተም፣ በማስተማርህ በተማሪዎችህ፣ በባልደረቦችህና በኃላፊህ መገምገም፣ ለማኅበረሰቡም ያገለገልከው ነገር መኖር አለበት። ጉዳይህ ከዲፓርትመንት ይነሳና በኮሌጅ በኩል ወደ ሴኔት ይሄዳል። ለሙሉ ፕሮፌሰርነት ሥራህ ወደ ውጭ ገምጋሚዎች ይላካል፤ ማዕረጉንም የዩኒቨርሲቲው ቦርድ ያጸድቀዋል። በኮንትራት፣ በትርፍ ሰዓት ወይም በተጋባዥነት የሚያስተምሩም አሉ። እነሱ በአብዛኛው የቋሚው መምህር የዕድገት መንገድ ስለሌላቸው፣ የሥራ ደብዳቤ ስትቀበል የቅጥሩን ዓይነት አንብበህ ፈርም።

አሁን ወደ ናቅናት «ረዳት» እንመለስ። ካይሮም ሆነ መዲና ሄደው የተማሩ ወንድሞቻችንን ጠይቋቸው። በግብፅ ዩኒቨርሲቲዎች፣ አል-አዝሀርንም ጨምሮ፣ የመምህራን የመጀመሪያው ደረጃ «ሙዒድ» ይባላል። ከዚያ ሙደሪስ ሙሳዒድ፣ ሙደሪስ፣ ኡስታዝ ሙሳዒድ እያለ ይወጣል። የመጨረሻው ማን ነው? «ኡስታዝ»! እኛ ሠፈር ጁዝ ዐማን የሐፈዘና ሁለት ደርስ የሰጠ ወጣት ሁሉ ኡስታዝ ነው። እዚያ ግን ኡስታዝ ለመባል ዕድሜ ይጠይቃል። (እኔንም ኢማማችን ሲታመሙ ቆሜ ስላሰገድኩ ብቻ ኡስታዝ የሚሉኝ አሉ፤ አላህ ይዘንላቸው።)

ሙዒድ የሚለው ቃል ደግሞ የትናንት ቃል አይደለም። ባግዳድ ውስጥ በ1234 የተከፈተችው ሙስተንሲሪያ መድረሳ አራቱንም መዝሀቦች ታስተምር ነበር። ሙደሪሱ ትምህርቱን ይሰጣል፤ ሙዒዱ ደግሞ ከደርሱ በኋላ ተማሪዎቹን ሰብስቦ ይደግምላቸዋል፣ ያልገባቸውን ያስረዳል። ቃሉ ራሱ «የሚደግም» ማለት ነው። ደመወዛቸውም ከወቅፍ ይወጣ ነበር። በኛም ሀገር ኪታብ የቀራ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሸይኹ ያቀሩትን ከፍ ያለው ደረሳ ለትንንሾቹ ይደግማል፤ ሲሳሳት ይታረማል፤ ሲበስል ኢጃዛ ያገኛል። ረዳትነትን ዝቅጠት ያደረገው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ከዒልም ታሪካችን ግን አልመጣም።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ያስቀረህ ወንድሜ፣ ያስቀረሽ እህቴ፣ የመጀመሪያው ደመወዝ ትንሽ መሆኑ እውነት ነው። የቤት ኪራይ ከፍሎ ለእናት የሚላክ አይተርፍም። ሱቁ ቶሎ ያበላል። ነገር ግን ያ በር ማስተርስ የሚያስተምር፣ ፒኤችዲ የሚያስተምር በር ነው። ሃያ ዓመት ቆይቶ በኮሚቴው ተቀምጦ የሥርዓተ ትምህርት ረቂቅ የሚያነበው፣ የተማሪውን አቤቱታ የሚሰማው፣ ጥናቱን የሚገመግመው ዛሬ ጂኤ ሆኖ የገባው ልጅ ነው። እህቶችን በሚመለከት ደግሞ ወላጆች ስሙኝ፤ «ሩቅ ነው» ብሎ ልጅቷ በውጤቷ ያገኘችውን ቦታ ከማስተው በፊት ከተማው ውስጥ ዘመድ ወይም ጀመዓ መኖሩን መጠየቅ ይቀድማል።

መሰላሉ ላይ ከወጡ በኋላ ግን ሁለት ፈተናዎች አሉ።

አንደኛው ውል ነው። ዩኒቨርሲቲው ለትምህርት ሲልክህ ደመወዝህን እየከፈለ ነው። አንተ ደግሞ ስትጨርስ ተመልሰህ ለተወሰኑ ዓመታት ልታገለግል ትፈርማለህ፤ ዋስም ትጠራለህ። ዋሱ አብዛኛውን ጊዜ ባልደረባህ ወይም ዘመድህ ነው፤ ወር ጠባቂ ሰው። ከዚያ አንዳንዱ ውጭ ይሄድና እዚያው ይቀራል። ስልኩን ይቀይራል። ዋሱ በደብዳቤ ይጠራል፣ ይከሰሳል፣ ደመወዙ ይቆረጣል። ያኛው ወንድማችን ግን እዚያ ሆኖ ስለ አማና ፖስት ያጋራል! ሱብሓነላህ። ሱረቱል ማኢዳ የሚጀምረው ምእመናንን ውላችሁን ሙሉ ብሎ በማዘዝ እንደሆነ ማን ይጠፋዋል? ሰው ላለመመለስ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ሀገራችን ያለፈችበትን ሁሉም ያውቃል። ምክንያት ያለው ሰው ግን የተከፈለለትን በየወሩም ቢሆን እየመለሰ ዋሱን ነፃ ያወጣል። የሌላ ሰው ልጆች የሚበሉትን እያስቆረጡ የሚያዝ ዶክትሬት ምን በረካ አለው?

ሁለተኛው ፈተና ጽሑፉ ነው። ከረዳት ፕሮፌሰር በላይ ለመውጣት የታተመ ጥናት ይጠየቃል። ደንበኛው መንገድ ረጅም ነው። ጽሑፍህን ወደ ጆርናል ትልካለህ፤ አርታኢው በዘርፉ ላሉ ሰዎች ይልከዋል፤ እነሱ ስሕተትህን ነቅሰው ይመልሱታል፤ ታስተካክላለህ፤ ወራት ይሄዳል፤ አንዳንዴም ከዓመት በላይ። የሐዲስ ሊቃውንት አንድ ሰነድ ለመቀበል ራዊዎቹን አንድ በአንድ የመረመሩበት ኡመት ልጅ ይህ ጥንቃቄ ሊከብደው አይገባም።

አቋራጩ መንገድ ግን ስልክህ ውስጥ ነው። «የተከበሩ ፕሮፌሰር» ብሎ ለሌክቸረሩ ኢሜይል የሚልክ፣ ገንዘብ ተቀብሎ በጥቂት ቀን የሚያትም፣ ማንም ሳያነበው «ተገምግሟል» የሚል ጆርናል አለ። ጄፍሪ ቢል የተባለ አሜሪካዊ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የእንዲህ ዓይነቶቹን አሳታሚዎች ዝርዝር ለዓመታት ሲያወጣ ቆይቶ በ2017 ከድረ ገጹ አንስቶታል። አሳታሚዎቹ ግን አልጠፉም። ክፍያ መጠየቁ ብቻውን ምልክት አይደለም፤ ክፍያ የሚጠይቁ ታማኝ ጆርናሎች አሉ። ምልክቱ ጽሑፉን የሚመረምር ሰው አለመኖሩ ነው። ከዚህ ሌላ ቴሌግራም ላይ «ሪሰርች እንሠራለን» የሚል ማስታወቂያ አለ። አንዱ ሌላው በሠራው ላይ ስሙን ያስጽፋል፤ በምትኩ እሱም የዚያን ስም በራሱ ላይ ያስገባል። ሁለቱም ሁለት ጽሑፍ ቆጠሩ ማለት ነው። «ሁሉም ያደርገዋል» ይባላል።

መምህራን ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ ኑሮውን ግን እናያለን። ከሥራ በኋላ ሁለት የግል ኮሌጅ ሮጦ የሚያስተምር ሰው መቼ ያጥና? ኮሚቴም ይዘቱን ከማንበብ ይልቅ ብዛቱን ከቆጠረ ጥፋቱ የመምህሩ ብቻ አይደለም። ይህ ሁሉ ልክ ነው። ሆኖም አንድ ጥያቄ ይቀራል። ማዕረጉ ደመወዝ ይጨምራል። የጨመረው ብር የተከፈለው «ይህን ሠርቻለሁ» ተብሎ ነው፤ ሰውየው ግን አልሠራውም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያልተሰጠውን እንደተሰጠው ሆኖ የሚታይን ሰው የሐሰት ልብስ ከለበሰ ሰው ጋር አመሳስለውታል። ዝርዝር ፈትዋውን ለመሻኢኾቻችን እተዋለሁ። እኔ ግን ሚዛኑን ያጎደለ ነጋዴን በኹጥባ እየወቀስን፣ ያልጻፈውን የጻፈ ምሁርን በመድረካችን የክብር ወንበር ላይ ማስቀመጣችን አይዋጥልኝም። ነጋዴው ያጎደለው አንድ ኪሎ ላይ ነው። ያኛው ግን ነገ ሐኪምና መሐንዲስ የሚያስመርቅ ሰው ነው።

ኢማሙ አል-ገዛሊ በ1091 በኒዛሙል ሙልክ ተሹመው በባግዳዷ ኒዛሚያ መድረሳ ሙደሪስ ሲሆኑ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ነበሩ። በዘመኑ ከዚያ የሚበልጥ የማስተማሪያ ወንበር ማሰብ ይከብዳል። በ1095 ትተውት ወጡ። ምክንያቱን ራሳቸው ጽፈውታል፤ ኒያቸውን ሲመረምሩ ማስተማራቸው ጥርት ብሎ ለአላህ እንዳልሆነ፣ ክብርና ዝና እንደገባበት አዩ። ታሪኩን ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ እናቆመውና ማዕረግ መጥፎ ነው የሚል ትምህርት እናወጣለን። ግን እኮ በ1106 ኒሻፑር ላይ ወደ ማስተማር ተመልሰዋል!

ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ላይ ያላችሁ፣ ውጤታችሁ ጥሩ የሆነ ልጆች፣ ከአሁኑ የምትችሉት ነገር አለ። ለጀመዓችሁ ታናናሾች ቲቶሪያል ስጡ፤ ያ ሙዒድነት ነው። ለኮርስ የምትሠሩትን ወረቀት ከኢንተርኔት አትገልብጡ፤ የሰው ሐሳብ ስትወስዱ የማን እንደሆነ ጻፉ። የመመረቂያ ጥናታችሁን በብር አታሠሩ። ጆርናል ስትመርጡም ትምህርት ሚኒስቴር እውቅና ከሰጣቸው የሀገር ውስጥ ጆርናሎች ጀምሩ፤ አማካሪ መምህራችሁንም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለትምህርት ስትላኩ ደግሞ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ዋስ የሚሆናችሁን ሰው ቁጭ አድርጋችሁ አንብቡለት፤ ምን ያህል ዓመት፣ ምን ያህል ብር እንደሆነ ይወቅ።

ወላሁ አዕለም።