መስቀልና በግማሽ የተዘጋው በር

የመስቀል በዓል በመጣ ቁጥር ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ የሚወስዱት መንገዶች ይጨናነቃሉ። በመርካቶ የሚነግደውም፣ በየከተማው ጫማ የሚያሳምረው ወጣትም ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመውን ይዞ ወላጆቹን ለመጠየቅና ክትፎውን በቆጮ ከዘመድ ጋር ለመቋደስ ወደ ትውልድ ቀዬው ያመራል። የተጣላ ይታረቃል፤ የታመመ ይጠየቃል፤ ለአረጋዊው የመድኃኒት፣ ለተማሪው የደብተር መግዣ የሚገኘውም በዚሁ ሰሞን ነው። ዘንድሮ የደመራውን ችቦ ስናበራ ይህ መንገድ የቀዘቀዘበትን ዘመን ማስታወስ የወደድነው፣ ልንቀስመው የሚገባን ትምህርት ስላለ ነው።

እንደሚታወሰው የኮሮና ተሕዋሲ በአገራችን መገኘቱ የተረጋገጠው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀን ለአምስት ወራት የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብና መጨባበጥ ተከለከለ፤ የሕዝብ ማመላለሻዎች በግማሽ እንዲጭኑ ታዘዘ። በሌሎች አገሮች እንደታየው ሕዝቡ ከቤቱ ፈጽሞ እንዳይወጣ አልተደረገም፤ የዕለት ጉርሱን በዕለት ሥራው የሚያገኝ ሕዝብ በሩን ዘግቶ ሊቀመጥ አይችልምና። ክልከላው ሕይወትን ለማዳን የተደረገ በመሆኑ ተገቢነቱን አንክድም። ይሁን እንጂ በግማሽ የተዘጋ በርም ቢሆን ውጭ የሚያስቀረው ሰው አለ።

አስቀድመን ሥራን እንመልከት። ዐዋጁን ለማስፈጸም የወጣው ደንብ አሠሪ ሠራተኛውን እንዳያሰናብት፣ አከራይም ተከራዩን እንዳያስወጣ ይከለክል ነበር። ይህ በጎ ድንጋጌ ለደመወዝተኛው መጠጊያ ሆኗል። ነገር ግን ሊስትሮው፣ የባጃጅ ነጂው፣ በመናኸሪያ ዕቃ የሚሸከመው፣ በገበያ የማረቆ በርበሬ የምትቸረችረው እናት «አታሰናብት» ተብሎ የሚታዘዝላቸው አሠሪ አልነበራቸውም። በጓሮው እንሰት ያለው ገበሬ ቆጮ አያጣም፤ በከተማ በኪራይ ቤት የሚኖረው ግን የሚፍቀው እንሰት የለውም። ችግሩ የእኛ ብቻ አልነበረም፤ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም የጠፋው የሥራ ሰዓት ከ255 ሚሊዮን የሙሉ ጊዜ ሠራተኞች ሥራ ጋር የሚስተካከል መሆኑን ገልጿል።

ሁለተኛው ጤና ነው። ከወልቂጤ አዲስ አበባ ለመድረስ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል። አውቶቡሱ በግማሽ ሲጭን በቅድሚያ የሚቀረው አቅም የሌለው ሕመምተኛ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ቡታጅራ የምታስተምረን አላት። ከ1970ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጤና ጥናት የሚካሄድባት ይህች አካባቢ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ቤት ለቤት የተጠየቁበት የአእምሮ ሕመም ጥናት ተካሂዶባታል። በጽኑ ከታመሙት አብዛኞቹ ቀድሞ ሕክምና ያላገኙ ሆነው ተገኙ። ሄዶ ያልጠየቀ ሕመምተኛውን አያገኘውም ማለት ነው። በወረርሽኙ ጊዜም የሠመረው ይኸው መንገድ ነበር፤ የኤች.አይ.ቪ. ሕሙማን የብዙ ወራት መድኃኒት በአንድ ጊዜ የሚወስዱበት አሠራር አስቀድሞ ተጀምሮ ስለነበር ብዙዎችን ከምልልስ አድኗል። ተላልፎ የነበረው የኩፍኝ ክትባት ዘመቻም በ2012 ዓ.ም. ክረምት ተካሂዶ ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጉ ሕፃናት ተከትበዋል።

ሦስተኛው የልብ ሰላም ነው። የ2012 ዓ.ም. ትንሣኤን ሚያዝያ 11 ቀን አብዛኛው ምእመን በየቤቱ ሆኖ ማክበሩን አንዘነጋውም። ከዚያ የከፋው ግን የኀዘን ብቸኝነት ነበር። እድርተኛው ድንኳን ተክሎ፣ ጎረቤት ቡና አፍልቶ ሐዘንተኛን ማጽናናት በአገራችን ትልቅ መድኃኒት ነው፤ ይህ ሲቋረጥ ኀዘኑ በየሰው ውስጥ ታምቆ ቀረ። የዓለም ጤና ድርጅት በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት ጭንቀትና ድባቴ በዓለም ላይ በ25 በመቶ መጨመራቸውን ማስታወቁ ለዚህ ምስክር ነው።

ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የወረርሽኙ ዓለም አቀፍ አስቸኳይነት ማብቃቱ ተነግሯል። ይሁንና ሌላ ቀን ሌላ ደዌ አይመጣም ማለት አይቻልም። በመሆኑም እኛ የምንለው ይህን ነው፦ በር መዝጋት ግድ ቢሆን እንኳ አስቀድሞ የቀን ሠራተኛው ስንቅ ይታሰብ፤ የሰነባበተ ሕመም ያለበት ሰው የወራት መድኃኒቱን በአቅራቢያው ካለ ጤና ጣቢያ ያግኝ፤ እድሮች በጥቂት ሰውም ቢሆን ሐዘንተኛን በየተራ የሚያጽናኑበት ሥርዓት ይኑራቸው።

ዛሬ ከደመራው ማግስት በየገበታው ስንቀመጥ፣ ከዚያ ዘመን ወዲህ ሱቁን መልሶ ያልከፈተ፣ ሕክምናውን ያቋረጠ፣ ኀዘኑን ለብቻው የያዘ ጎረቤት እንዳለ እንጠይቅ። ለበዓሉ የመጣው እንግዳ ሳይመለስ ይህን ቤት መጠየቅ የመስቀሉ ወግ ነውና።

መልካም የመስቀል በዓል ይሁንልን።