በአንድ ቀስት ሦስት ፍላጻ፦ በጎንደር ሊለካ የሚገባው ጥያቄ

አንድ ተኳሽ በአንድ ቀስት ሦስት ፍላጻ አጋጥሞ በአንድ ጊዜ ሲለቅና ሦስት ጠላት ሲጥል የሚያሳይ የፊልም ትዕይንት ለብዙዎች እንግዳ አይደለም። ትዕይንቱን የሚመለከት የፊዚክስ ተማሪ የእንቅስቃሴ ኢነርጂን ቀመር በቃሉ ያውቃል፤ ቀመሩን በዚያ ቀስት ላይ አውሎ ትዕይንቱ እውነት መሆን አለመሆኑን እንዲመረምር ግን እምብዛም አይጠየቅም። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ጥያቄው ሊጠየቅ፣ ሊለካም ይገባል የሚል ነው። በሰሜን ጎንደር ደጋ ደግሞ ጉዳዩ ከሰብል ጥበቃ ጋር ይገናኛል።

ቀስት የራሱ የኢነርጂ ምንጭ የለውም። ተኳሹ አውታሩን ሲስብ የሠራው ሥራ በታጠፈው እንጨት ውስጥ ይታመቃል፤ መጠኑም በተጋጠሙት ፍላጾች ቁጥር አይለወጥም። 50 ሴንቲ ሜትር የሚሳብና በስበቱ መጨረሻ 180 ኒውተን የሚጠይቅ ቀስት ለምሳሌ ይወሰድ። ኃይሉ ከስበቱ ርዝመት ጋር በቀጥታ የሚያድግ ከሆነ የሚታመቀው ኢነርጂ 45 ጁል ነው። ከዚህ ከፊሉ ከአውታሩና ከእንጨቱ ጋር ይቀራል፤ ይህ ድርሻ ከፍላጻው ጋር አብሮ እንደሚሮጥ የ15 ግራም ተጨማሪ መጠነ ቁስ ይቆጠር። እያንዳንዱ ፍላጻም 30 ግራም ይመዝን።

በዚህ ስሌት ብቻውን የተተኮሰ ፍላጻ በሰከንድ 45 ሜትር ገደማ ይወጣል፤ 30 ጁልም ይዞ ይሄዳል። ሦስቱ በአንድነት ሲለቀቁ ፍጥነታቸው ወደ 29 ሜትር ይወርዳል፤ የእያንዳንዱ ድርሻም 13 ጁል ብቻ ይሆናል። አየር ባይኖር የመጀመሪያው ከ200 ሜትር በላይ ሊርቅ ሲችል፣ ሦስቱ 90 ሜትር አይሞሉም። ነገር ግን ውጤቱ ኪሳራ ብቻ አይደለም። ሦስቱ በድምሩ 39 ጁል ስለሚወስዱ የቀስቱ ብቃት ከ67 በመቶ ወደ 86 በመቶ ያድጋል፤ ጠቅላላ ሞመንተሙም እጥፍ ገደማ ይሆናል። ያለ ፍላጻ የተለቀቀ ቀስት ሊሰበር የሚችለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የታመቀው ኢነርጂ መውጫ አጥቶ ወደ እንጨቱ ይመለሳል። ስለዚህ ፊልሙ የሚሳሳተው ሦስት ፍላጻ ሊለቀቅ ይችላል በማለቱ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ እንደ ብቸኛው ፍላጻ ይመታል በማለቱ ነው።

ኢላማውን መምታትም ሌላ ችግር ነው። ፍላጻ ሲገፋ ይታጠፋል፤ የቀስቱን መያዣ ታጥፎ አልፎ ቀጥ የሚለውም ግትርነቱ ከሚገፋው ኃይል ጋር ሲመጣጠን ነው። ኃይሉ ለሦስት ሲከፈል ለብቸኛ ተኩስ የተመረጠው ፍላጻ ከመጠን በላይ ግትር ይሆናል፤ ከአውታሩ መካከል ውጪ የተጋጠሙትም አቅጣጫቸውን ይስታሉ። የ2 ዲግሪ መሳት በ20 ሜትር ርቀት 70 ሴንቲ ሜትር ነው።

ኢነርጂን በአንድ ተወንጫፊ ላይ የመሰብሰብን ጉዳይ ጎንደር ከሁለት መቶ ዓመታት በፊት በተግባር አይታዋለች። በ1770 እ.ኤ.አ. ወደ ከተማዋ የገባው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ፣ ከራስ ሚካኤል ስሑል ዘመድ ጋር ተከራክሮ የጧፍ ያህል ለስላሳ የሆነ የሞራ ሻማ በጠመንጃ ተኩሶ ሦስት ጋሻ እንደበሳ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ተርኳል። ሻማው ጋሻ የበሳው በጥንካሬው ሳይሆን በፍጥነቱ ነው። ኢነርጂ በፍጥነት ካሬ እንደሚያድግ ከዚህ የተሻለ የአገር ቤት ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ጥያቄው ዛሬም የሚኖርበት መሣሪያ ግን ወንጭፍ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዙሪያ ገበሬው ገብሱን ከጭላዳ ይጠብቃል፤ ጭላዳም በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ እንስሳ ነው። ሰብሉም እንስሳውም እንዲተርፉ ከተፈለገ፣ የሚወነጨፈው ድንጋይ ማስደንገጥ እንጂ ማቁሰል የለበትም። በዚህ ላይ ወንጭፍ ከቀስት ይለያል። ቀስት የተወሰነ ኢነርጂ አስቀድሞ ያምቃል፤ ክንድ ግን ጡንቻው ሊኮማተር ከሚችልበት ፍጥነት በላይ አይሮጥም። ስለዚህ ቀላል ጠጠሮች በቁጥር ቢበዙም ከብቸኛ ጠጠር ብዙ ሳያንሱ ይወጣሉ ተብሎ ይጠበቃል። ስፋቱ በግማሽ ያነሰ ጠጠር ክብደቱ አንድ ስምንተኛ ነው፤ በእኩል ፍጥነት የሚይዘው ኢነርጂም እንዲሁ፤ የአየር ሰበቃም በእጥፍ ያዘገየዋል። አንድ ድንጋይ በስምንት ጠጠር ቢተካ፣ እያንዳንዱ ምት ይለዝባል፤ የሚያርፍበት ስፍራ ግን ይሰፋል። ደባርቅን በመሰለ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ስፍራ አየሩ ከባሕር ጠለል በአንድ አራተኛ ያህል ስለሚሳሳ፣ ከመጽሐፍ የተቀዳ የሰበቃ ስሌት እንዳለ አይሠራም፤ በቦታው መለካት ያስፈልጋል።

በጠመንጃ ዘመን ስለ ቀስትና ወንጭፍ መመራመር ወደ ኋላ መመለስ ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው መሣሪያውን ከሕጉ ጋር ያምታታል። መሣሪያው ያረጃል፤ ሕጉ ግን አያረጅም። የቤተ ሙከራ ዕቃ እጥረት በሚነገርበት ጊዜ ደግሞ ይህ ጥናት የሚጠይቀው ሚዛን፣ ሜትር፣ በዝግታ የሚቀርጽ የስልክ ካሜራና ከሰውና ከእንስሳ የራቀ ሜዳ ብቻ ነው። ከላይ የቀረቡት የቀስት ቁጥሮች በታሰበ ምሳሌ ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ የወንጭፉም ግምት ገና አልተፈተነም። አንድ የማስተርስ ተማሪ እነዚህን በልኬት ቢያጸናቸው ወይም ቢያፈርሳቸው፣ ሥራው ለክፍሉ ትምህርት፣ ለማማው ጠባቂም ምክር ይሆናል።