አርጁን ታጋሽ ነው ወይስ ችኮ?

በትምህርት ክፍላችን ስለ አንድ ልብ ወለድ ወይም ተውኔት አስተያየት ስጡ ሲባል እጅ የሚያወጣ ሰው ለማግኘት መምህራን ምን ያህል እንደሚለምኑ ሁላችንም እናውቃለን። የህንድ ፊልም ከተነሣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እጅ ማውጣት ቀርቶ ሁሉም በአንዴ ነው የሚናገረው! እኔ ደግሞ ተማሪ ስለ ፊልም የሚለውን መስማት እወዳለሁ። ፈተና የለበት፣ ማርክ የለበት፤ ሰው የልቡን ይናገራል። ሥነ ጽሑፍ አንብቦ የልቡን የማይናገር ተማሪ ፊልም አይቶ ሲከራከር ግን ስለ ገጸ ባሕርይ፣ ስለ ግጭት፣ ስለ ጭብጥ ሳያውቀው ይተነትናል።

ዛሬ የማነሣው ክርክር «ናማስቴ ለንደን» በሚባለው ፊልም ላይ የተነሣውን ነው። ፊልሙ አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2007 የወጣ ነው። አዘጋጁ ቪፑል አምሩትላል ሻህ ሲሆን ዋናዎቹ ተዋንያን አክሻይ ኩማርና ካትሪና ካይፍ ናቸው። አባት ሆኖ የሚጫወተው እ.ኤ.አ. በ2020 ያረፈው አንጋፋው ሪሺ ካፑር ነው። ፊልሙ ያረጀ ቢሆንም ክርክሩ ግን አላረጀም። ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ እስከ ዛሬ ይታያል፤ ያየ ሁሉም ይጣላበታል።

ላላዩት ታሪኩን ባጭሩ ልንገራቸው። ጃስሚት ለንደን ያደገች ልጅ ናት፤ ስሟን እንኳ አሳጥራ «ጃዝ» ብላዋለች። ከፑንጃብ የሄደው አባቷ «ልጄ እንግሊዝ ሆና ቀረችብኝ» ብሎ ይጨነቃል። ህንድን ላሳያችሁ በሚል ሰበብ ይወስዳትና ባል ይፈልግላታል። ብዙ ከተንከራተቱ በኋላ በትውልድ መንደሩ አርጁን የሚባል የገበሬ ልጅ ይገኛል፤ ሰርግ ይደገሳል። ጃዝ ለጊዜው እሺ ትላለች። ለንደን ስትገባ ግን ጋብቻው በሕግ ያልተመዘገበ ነው፣ እኔ ባል የለኝም ብላ እርፍ! አለቃዋን ቻርሊ ብራውንን እንደምታገባም ታሳውቃለች። አርጁን ግን አይጮህም፣ አይማታም። እዚያው ለንደን ይቀመጣል፤ ይባስ ብሎ ለሚስቱ ሰርግ ሽርጉድ ይላል። በመጨረሻ ጃዝ ቻርሊን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጥላ ከአርጁን ጋር ወደ ህንድ ትመለሳለች።

እንግዲህ የተመልካቾቹ አስተያየት በሦስት ጎራ ይከፈላል። የመጀመሪያው ጎራ «አርጁንን የመሰለ ታጋሽ አፍቃሪ የት ይገኛል?» የሚል ነው። ሁለተኛው ጎራ፣ አብዛኞቹ ሴት ተማሪዎች ናቸው፣ «ኧረ ባካችሁ! አልፈልግህም ያለችውን ሴት አገር ድረስ ተከትሎ መቀመጥ ትዕግሥት ሳይሆን ችክ ማለት ነው» ይላል። ሦስተኛው ጎራ ስለ ፍቅሩ ብዙም ደንታ የለውም፤ ደስ ያለው አርጁን ፈረንጆቹን አፍ ያስያዘበት ንግግር ነው። እኔ በየትኛውም ጎራ ሙሉ በሙሉ አልገባም። ስለዚህ አንድ በአንድ ልያቸው።

ስለ ፈቃድ

ከሁለተኛው ጎራ ልጀምር፤ ምክንያቱም በክርክሩ መሀል «እናንተ ደግሞ ኮሜዲ ላይ ሕግ ታመጣላችሁ» ተብለው የተሾፈባቸው እነሱ ናቸው። ኮሜዲ ላይ ሕግ ያመጡት ግን እነሱ ሳይሆኑ ራሱ ፊልሙ ነው። ጃዝ የምታመልጠው በሕግ ቀዳዳ ነው። ደግሞም ፊልሙ በወጣ በአራተኛው ወር፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2007፣ የእንግሊዝ ፓርላማ በግዳጅ ከሚፈጸም ጋብቻ ሰዎችን የሚጠብቅ ሕግ አውጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ሰውን አስገድዶ ማጋባት በእንግሊዝና በዌልስ በወንጀል የሚያስቀጣ ሆኗል። «አገር ላሳይሽ» ተብለው ወደ ወላጆቻቸው አገር ተወስደው የተዳሩ ልጆች እዚያ አገር በርግጥ ነበሩ፤ ሕጉም የወጣው ለእነሱ ሲባል ነው። ለጃዝ የተሣቀው ሣቅ ለእነሱ ሣቅ አልነበረም።

እኛም አገር ቢሆን በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ጋብቻ የሚጸናው ተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃዳቸውን ሲሰጡ ነው ይላል። «እሺ ብላለች እኮ!» የሚሉ አሉ። አዎ፣ ብላለች። ግን ከአባትሽ ፊት ቆመሽ፣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ፣ ፓስፖርትሽና መመለሻሽ በሰው እጅ ሆኖ እሺ ማለት ምን ዓይነት እሺ ነው? ይሉኝታ ያፈነው እሺ ምን እንደሚመስል ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ማስረዳት አያስፈልግም።

ይሁን እንጂ ሁለተኛው ጎራ አንድ ነገር ይዘነጋል። አርጁን የጃዝን እምቢታ ከሰማ በኋላ የሚያደርገውን ልብ በሉ። ባል ነኝ ብሎ መብት አይጠይቅም፤ ሽማግሌ አይልክም፤ አባቷ እንኳ ሲቆጣ እሱ ያበርዳል። ጥፋቱ ያለው አባትየው ዘንድ ነው። ፊልሙም ይህንን በከፊል ያምናል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አያምንም፤ ምክንያቱም መጨረሻው አባትየውን ትክክለኛ ያደርገዋል። ያለፈቃዷ የመረጠላት ባል ተስማሚዋ ሆኖ ተገኘ! እኔን የሚከነክነኝ ይህ ነው። አርጁን መጥፎ ሰው ሆኖ ቢገኝስ ኖሮ? አባትየው ያንኑ ነበር የሚያደርገው። የአባትየውን ስሕተት የሸፈነለት የደራሲው ቸርነት ነው።

ስለ ተቀናቃኙ

የመጀመሪያው ጎራ የአርጁንን ትልቅነት ለማስረዳት ሁልጊዜ የቻርሊን ክፋት ይጠቅሳል። ሴት የሚያበዛ ነው፣ ቤተሰቡም ንቀተኛ ነው ይላል። እውነት ነው። ግን ይህ የአርጁን ትልቅነት ነው ወይስ የጸሐፊው ብልጠት? ጃዝ ከባድ ምርጫ እንዳትመርጥ ከሁለቱ አንዱን ቀድሞ አበላሸላት። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው «ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ»ም ይህንኑ ዘዴ ነው የሚጠቀመው። እዚያም አባት የመረጠው እጮኛ ምግባረ ብልሹ ሆኖ ይቀርባል፤ ተመልካቹም ሳይጨነቅ ለሻህሩክ ካን ያጨበጭባል።

ያለዚህ ዘዴ መሥራት አይቻልም እንዳትሉኝ ሌላ ፊልም ልጥራ። እ.ኤ.አ. በ1953 ዊልያም ዋይለር ያዘጋጀው «ሮማን ሆሊዴይ» ውስጥ አንዲት ልዕልትና አንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በሰው አገር ይገናኛሉ። አይመጣጠኑም። ይዋደዳሉ፤ ይለያያሉ። መሀላቸው የሚገባ ክፉ ሰው የለም። የሚለያያቸው የእሷ ኃላፊነት ብቻ ነው። ኦድሪ ሄፕበርን በዚህ ፊልም ኦስካር ያገኘችው በከንቱ አይደለም። እዚያ ያለው ምርጫ ያምማል። «ናማስቴ ለንደን» ግን እንዳያምመን ብሎ ቀድሞ ያደነዝዘናል። ቻርሊ ጨዋና ደግ ሰው ቢሆን ኖሮ፣ ጃዝም እያወቀች አርጁንን ብትመርጥ ኖሮ፣ ያኔ ምርጫዋ የራሷ ይሆን ነበር።

ስለ ንግግሩ

አሁን ወደ ሦስተኛው ጎራ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ትምህርት ክፍላችን በቀጥታ ይመለከተዋል። በአንድ ግብዣ ላይ የቻርሊ ዘመድ የሆነ አዛውንት ህንድን ይሰድባል። አርጁን ቆጣ ሳይል በጨዋ አንደበት በሂንዲ ይመልስለታል፤ ጃዝ ወደ እንግሊዝኛ ትተረጉማለች። ከሚጠቅሳቸው ነገሮች አንዱ ካቶሊክ ሆና የተወለደች ሴት ሥልጣኑን ትታ ሲኩ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ሲምል፣ ያስማለውም ሙስሊም ፕሬዚዳንት እንደሆነ ነው። ይህ በ2004 እ.ኤ.አ. በርግጥ የሆነ ነው፤ ሶኒያ ጋንዲን፣ ማንሞሃን ሲንግንና አብዱል ካላምን ማለቱ ነው። እዚህ ላይ እኔም አብሬ አጨበጭባለሁ።

ቀጥሎ ግን እንግሊዝኛ ብዙ ቃላቱን ከሳንስክሪት እንደወሰደ ይናገራል። «ማዘር» እና «ብራዘር» ከሳንስክሪት የመጡ ናቸው፣ «ጂኦሜትሪ»ም እንዲሁ ይላል። የእኛ ልጆች ይህንን ሰምተው አጨበጨቡ! የቋንቋ ተማሪዎች! የሥነ ልሳን መግቢያ የወሰደ ተማሪ የእንግሊዝኛው «ማዘር» ከሳንስክሪቱ «ማትር» እንዳልተወለደ ማወቅ አለበት። ሁለቱ እኅትማማቾች ናቸው። ዊልያም ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1786 እዚያው ህንድ፣ ካልካታ ላይ ያለው ይህንኑ ነው፤ ሳንስክሪት፣ ግሪክና ላቲን ከአንድ ምንጭ የፈለቁ ይመስላሉ አለ። የእኛን «ቤት»፣ የዐረቡን «በይት» እና የዕብራይስጡን «ባይት» አስቡ። ማን ከማን ሰረቀ? ማንም። አያታቸው አንድ ነው። «ጂኦሜትሪ» ደግሞ የለየለት ግሪክኛ ነው፤ መሬትንና መለካትን ከሚያመለክቱ ሁለት የግሪክ ቃላት የተሠራ።

«ፊልም ነው እኮ፣ ምን አካበድከው?» ትሉኝ ይሆናል። ያካበድኩት የተሰደበ ሕዝብ ራሱን ለማስከበር የተሳሳተ ነገር አያስፈልገውም ብዬ ስለማምን ነው። አርጁን ዝምድናውን ቢያወራ ኖሮ፣ «የእናንተ ቋንቋና የእኛ ቋንቋ የአንድ እናት ልጆች ናቸው» ቢል ኖሮ፣ ለዚያ ትዕቢተኛ ሽማግሌ ከዚህ የባሰ መልስ ባልተገኘ። «ከእኛ ነው የወሰዳችሁት» ማለት ግን እነሱ ትናንት ሲናገሩብን የነበረውን ገልብጦ መናገር ነው። እኛም አገር ይህ ልማድ አለ። የማናውቀውን ሁሉ «ከእኛ የተወሰደ ነው» ማለት ይቀናናል።

ስለ ትርጉም

ለእኔ የፊልሙ ምርጥ ነገር ማንም ያላነሣው ነው። ጃዝ ለአርጁን ልቧ የሚከፈተው በምን መሰላችሁ? በመተርጎም ነው። አርጁን ዝም ብሎ ቢናገር ኖሮ ከንፈሯን ትመጥ ነበር። ግን የሱን ዓረፍተ ነገር በራሷ አፍ መናገር ነበረባት። አገሬ ያላለችውን አገር በራሷ አንደበት «አገራችን» ብላ አስተዋወቀች። ተርጓሚ ሰው የሌላውን ሐሳብ ሳያኝክ አይተፋውም። እኛ ጽሑፍ እንድንተረጉም ሲታዘዝ የምናማርር ሁሉ ይህችን ትዕይንት ደግመን እንያት።

ከዚያም የመጨረሻው ሚስጥር አለ። ህንድ ከተመለሱ በኋላ አርጁን ለካ እንግሊዝኛ ይችላል! ያን ሁሉ ጊዜ ሲስቁበት፣ በፊቱ ሲሰድቡት እየሰማ ነበር። እዚህ ላይ ነው የአስተያየቱ ልዩነት ምክንያት የተገለጠልኝ። ፊልሙን በአማርኛ ትርጉም ያዩት ጓደኞቼ ይህ ነገር ጭራሽ አልገባቸውም ነበር። እንዴት ይግባቸው? ተራኪው ሂንዲውንም እንግሊዝኛውንም ወደ አንድ አማርኛ ለውጦላቸዋል። ለእነሱ አርጁን ከመጀመሪያው ጀምሮ ከሁሉም ጋር እኩል የሚናገር ሰው ነው፤ ስለዚህ ዝምታው የዋህነት፣ ወይም ችኮነት መሰላቸው። በጽሑፍ ትርጉም ያዩት ግን መቻልን አዩ። ሁለቱ ወገኖች የተጣሉት ሁለት የተለያዩ ፊልሞች አይተው ነው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ለተነሣው ጥያቄ የእኔ መልስ ይኸው። አርጁን ችኮ አይደለም። ነገር ግን ታጋሽነቱ ብቻውን ጃዝን አይገባውም፤ ትዕግሥት ለተባለ ሰው ሁሉ ሴት አትሸለምም። የሚገባው ከሆነ የሚገባው እየሰማ እንዳልሰማ ሆኖ እሷ ራሷ ቃሉን እስክታገኝ ስለጠበቃት ነው። አባትየው ግን ይቅርታ ሊጠይቃት ይገባ ነበር፤ ደራሲው ይህን ስላስረሳው ፊልሙ ከጥሩ ወደ በጣም ጥሩ ሳይሻገር ቀርቷል ባይ ነኝ።

በዚህ የማይስማማ ካለ ብዕሩን ያንሣ። መተላለፊያ ላይ የሚጮኸው ጩኸት ሁሉ በዚች መጽሔት ገጽ ላይ ቢሰፍር ክፍላችን ስንት ጥሩ ሐያሲ ባፈራ! ብቻ ከመጻፋችሁ በፊት ፊልሙን በየትኛው ትርጉም እንዳያችሁት አስቀድማችሁ ንገሩን።