ወንበሩን ማን ሰፋው?

አሜሪካ ውስጥ ሞዲፋይ የተደረጉ መኪኖች ትርዒት ባለበት ሁሉ አንድ ተለጣፊ ጽሑፍ አይጠፋም። የኋላ መስታወት ላይ፣ የመፍቻ ሳጥን ክዳን ላይ፣ አንዳንዴም በባለቤቱ ካናቴራ ጀርባ ላይ ታገኙታላችሁ። «ተሠራ እንጂ አልተገዛም» ይላል። ይህን መኪና በገዛ እጄ ነው ያቆምኩት፣ እንደዚያኛው ቼክ ፈርሜ ያመጣሁት አይደለም ማለቱ ነው። ተለጣፊውን ራሱን በጥቂት ዶላር ገዝቶ መለጠፉ ማንንም ሲያስቅ አላየሁም።

መፈክሩ ሲሰሙት ደስ ይላል። ለእጅ ሥራ የተቆረቆረ፣ ገንዘብ ያለው ሁሉን ያገኛል የሚባለውን ነገር እምቢ ያለ ይመስላል። ስለዚህ ብዙ ሰው ሳያላምጥ ይውጠዋል። እኔ ግን በመኪና ወዳጆች መካከል ካሉት ንቀቶች ሁሉ ክፉው ይሄኛው ነው ባይ ነኝ። ሌሎቹ ንቀት መሆናቸው ከሩቅ ያስታውቃል፤ ይሄ ግን የሥራ ቱታ ለብሶ ነው የሚመጣው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ሆት ሮድ የሚባለው የተወለደው በደቡብ ካሊፎርኒያ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትና በኋላ ባሉት ዓመታት ነው (ከአንድ ቦታ በስተቀር ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)። ከሎስ አንጀለስ ተራሮች ወዲያ ሙሮክና ኤል ሚራዥ በሚባሉት የደረቁ ሐይቆች ላይ ወጣቶች አሮጌ ፎርድ እያመጡ ይሽቀዳደሙ ነበር። ዛሬ በገመድ ታጥሮ የሚታየው የ1932ቱ ፎርድ ያኔ የተወደደው ለሌላ ምክንያት አይደለም፤ ርካሽ ስለነበር ነው። ፎርድ በዚያ ዓመት ቪ8 ሞተርን ተራ ሰው በሚደርስበት ዋጋ አወጣ። አሥር ዓመት ሲያልፈው መኪናው ያረጀ ዕቃ ሆነ፤ ጥቂት ደመወዝ ያጠራቀመ ልጅ ሁሉ ይገዛው ነበር። ፓራፋንጎውን ይነቅላል፣ ኮፈኑን ይጥላል፣ ቴስታታና ካርቡራተር ይቀይራል፣ ከዚያ ሐይቁ ላይ ይለቀዋል። ፖሊስና ጋዜጣ ወሮበላ ይሏቸው ነበር። ሮበርት ፒተርሰን «ሆት ሮድ» የተባለውን መጽሔት በ1948 ሲጀምር፣ ዋሊ ፓርክስም በ1951 ብሔራዊውን የሆት ሮድ ማኅበር ሲያቋቁም፣ ከልፋታቸው አንዱ ይህንን ስም ማጠብ ነበር።

ስሙ ታጠበ። የታጠበው ሰው ግን ወዲያው የሚንቀው ሌላ ሰው ፍለጋ ወጣ።

ዛሬ መሰላሉ ረጅም ነው። ከፋብሪካ የወጣ ኦርጅናል ብረት ያለው፣ አካሉ ፋይበርግላስ የሆነበትን ይንቃል። በፎርድ ላይ የፎርድ ሞተር ያስቀመጠው፣ እንደ ብዙው ሰው የሼቭሮሌ 350 የገጠመውን ያላግጥበታል። ነድቶ የመጣው በተጎታች ጭኖ ያመጣውን፣ በተጎታች ያመጣው ደግሞ ዝገቱን ሳይቀባ የመጣውን የራት ሮድ ባለቤት ያጣጥላል። ባለ ራት ሮዱም የሚያብረቀርቅ ነገር ሁሉ የሀብታም መጫወቻ ነው እያለ ቢራውን ይዞ ይስቃል። እሱ ከመሰላሉ የወረደ ይመስለዋል፤ አልወረደም፣ ገልብጦ አቆመው እንጂ። ዝገትን ለማስመሰል ቀለም የሚቀባ ሰው አለ እኮ!

አሁን ወደ አንድ መኪና ልምጣ፤ ይህን ሁሉ ክርክር ብቻውን ውድቅ ያደርጋል። በካስተም መኪና ታሪክ ከሁሉ በላይ የተወደሰው የቱ ነው ብላችሁ አዋቂዎቹን ብትጠይቁ ብዙዎቹ የሂሮሃታን መርኩሪ ይሏችኋል። ቦብ ሂሮሃታ የጃፓን ዝርያ ያለው አሜሪካዊ ወጣት ነበር። በ1952 የ1951 ሞዴል መርኩሪውን ወደ ባሪስ ወንድማማቾች፣ ወደ ሳምና ጆርጅ፣ ጋራዥ ወሰደው። ጣሪያውን ቆርጠው ዝቅ አደረጉት፤ ከኋላ የቆረጡት ከፊቱ ስለሚበልጥ መስመሩ ወደ ኋላ እየፈሰሰ ይሄዳል። በጎን መስታወቶቹ መካከል ያለውን ቋሚ አውጥተው ጣሉት። ከጎኑ የቢዩክ ጌጥ፣ ከኋላው የሊንከን መብራት ገጠሙበት፤ በሁለት ዓይነት አረንጓዴ ቀቡት። ቆይቶ የካዲላክ ሞተር ገባለት። ሂሮሃታም በ1953 መኪናውን እየነዳ ከካሊፎርኒያ እስከ ኢንዲያናፖሊስ ትርዒት ድረስ ሄደ።

በተለጣፊው ሕግ ከሄድን ይህ መኪና አይቆጠርም። ሂሮሃታ ከፍሎ ነው ያሠራው። በንጽሕና ጠባቂዎቹ ሕግም ይወድቃል፤ የአራትና የአምስት መኪና ዕቃ የተሸከመ ዲቃላ ነው። በ1959 አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በ500 ዶላር ገዛው፤ ያኔ ፋሽኑ ያለፈበት አሮጌ መኪና ነበርና። በ2022 ጥር ሐራጅ ላይ ሲወጣ ወደ ሁለት ሚሊዮን ዶላር አወጣ። በእነዚህ ስድሳ ዓመታት ውስጥ ብረቱ አልተለወጠም። የተለወጠው የተመልካቹ ዓይን ነው፤ እሱም ዋጋውን አይቶ ነው የተለወጠው።

ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ ይሄኛው ያናድደኛል። ይህን መኪና ሲያወድሱ የሚውሉ ሰዎች፣ በ1990ዎቹ የሎስ አንጀለስ የእስያ ዝርያ ያላቸው ወጣቶች ሆንዳ ሲቪክ እየገዙ ሞተሩን ሲያሻሽሉ፣ ሞላውን ሲያሳጥሩ፣ ቸርኬውን ሲቀይሩ «ራይሰር» የሚል ስም አወጡላቸው። ሩዝ በላ ለማለት ነው። ስድቡ ዛሬም አልጠፋም፤ «ስለ መኪናው እንጂ ስለ ሰው አይደለም» የሚል ሰበብም ተበጅቶለታል። እንግዲህ አስቡት፤ ርካሽና ያገለገለ መኪና ይዞ፣ በትርፍ ሰዓቱ ፈታትቶ፣ ፋብሪካው ካሰበው በላይ የሚያስሮጥ ልጅ። ይህ የኤል ሚራዡ ልጅ ካልሆነ ማን ነው?

መኪናቸውን ወደ መሬት ዝቅ አድርገው የሚነዱት ሎውራይደሮችም ከዚሁ ጽዋ ጠጥተዋል፤ ለእነሱ እንዲያውም ሕግ ተጨምሮበታል። ካሊፎርኒያ በ1950ዎቹ መጨረሻ ማንኛውም የመኪና ክፍል ከቸርኬው የታችኛው ጠርዝ ዝቅ ካለ ያስቀጣል ብላ ደነገገች። ሮን አጊሬ የተባለው ሰው ኮርቬቱ ላይ የሃይድሮሊክ ፓምፕ ገጠመ፤ ፖሊስ ሲመጣ ከፍ፣ ፖሊስ ሲያልፍ ዝቅ። እኔ ከዚህ የበለጠ ብልህ ሜካኒክ አላውቅም። የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን በዚህ ጥበብ ላይ አንድ ሙሉ ባህል ሠሩ። ሕጉ የተነሳው ግን በ2024 መጀመሪያ ነው። ሎስ አንጀለስ ያላችሁ አንባቢዎች ከትንሿ ኢትዮጵያ ተነስታችሁ በፌርፋክስ ጎዳና ወደ ሰሜን ብትነዱ፣ ዊልሸር ማዕዘን ላይ ብረት የተጠመጠመበትን ቀይ ሕንፃ ታገኛላችሁ፤ ያ «ሆት ሮድ» መጽሔትን የመሠረተው ፒተርሰን ያቋቋመው የመኪና ሙዚየም ነው። ሎውራይደሮችን እንደ ሥነ ጥበብ ሥራ አቅርቦ አሳይቷል። ጥሩ አደረገ። ግን ሙዚየም የገባውን ማክበር ቀላል ነው፤ ከባዱ መንገድ ላይ ያለውን ማክበር ነው።

ወደ ተለጣፊው ልመለስ፣ ምክንያቱም ዋናው ጠቤ ከእሱ ጋር ነው። ቅሬታው መሠረት የለውም አልልም። ዲትሮይት ውስጥ ከ1953 ጀምሮ የሚካሄድ አውቶራማ የሚባል ትርዒት አለ፤ ከ1964 ጀምሮ ደግሞ የሪድለር ሽልማት ይሰጥበታል። ለሪድለር የሚወዳደር መኪና ከዚያ በፊት የትም ታይቶ የማያውቅ መሆን አለበት። ዛሬ ለዚህ ሽልማት የሚሰለፉት መኪኖች ከሚሊዮን ዶላር በላይ ሊፈጁ ይችላሉ፤ የአንዳንዱ የሆድ ዕቃ ከሌላው መኪና ፊት ይልቅ ያበራል። ቤቱ ጓሮ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ የሚለፋ ሰው ይህን አይቶ «እኔ የት ልግባ?» ቢል እውነቱን ነው። ለእሱ የተለየ ምድብ፣ የተለየ ዳኝነት ይኑር ቢባል እደግፋለሁ።

መፈክሩ ግን የሚመታው ሀብታሙን አይደለም። ሀብታሙ ተሰድቦም መኪናውን ይዞ ይሄዳል። «ይሄ እኮ የተገዛ ነው» ሲባል የሚሰረዘው ብረቱን የበየደው፣ ላሜራውን የቀጠቀጠው፣ ቀለሙን ሰባት ጊዜ ፍቆ ሰባት ጊዜ የቀባው ደሞዝተኛ ነው። ያ መኪና በእርግጥም በእጅ ተሠርቷል፤ የሠራው ሰው ግን ስለተከፈለው እንዳልሠራ ይቆጠራል። በትርፍ ሰዓት የተሠራ ሥራ ክብር አለው፣ ለእንጀራ የተሠራ ሥራ የለውም ማለት ነው። ይህን ሐሳብ የሠራተኛ ወገን ብሎ የሚጠራ ሰው ቢኖር ሠራተኛ ሆኖ የማያውቅ መሆን አለበት።

ደግሞስ ብቻውን መኪና የሠራ ማን ነው? ተለጣፊውን የለጠፈው ሰውዬ ሲሊንደሩን ያስቆፈረው ማሽን ሾፕ ሄዶ ነው። ፓራውልቱን ክሮም ያስነከረው ሌላ ቤት ነው፤ የክሮም ጭስ ካንሰር ያመጣል፣ ካሊፎርኒያም በ2023 ያንን አሠራር ቀስ በቀስ ለማስቀረት ወስናለች፤ እስከዚያ ግን ጭሱን የሚምገው ባለቤቱ አይደለም። ወንበሩስ? በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የደቡብ ካሊፎርኒያ ልጆች የመኪናቸውን ወንበር ለማሰፋት ድንበር ተሻግረው ቲዋና ይሄዱ ነበር። የሜክሲኮ ሰፊዎች ነጩን ቪኒል እንደ ሽንሽን ቀሚስ እያጠፉ፣ ስፌቱን ሳያዛንፉ፣ አሜሪካ ውስጥ ከሚጠየቀው በጣም ባነሰ ዋጋ ሰፍተው ይሰጧቸዋል። የዚያ ዘመን መኪኖች በር ሲከፈት ዓይን የሚይዘው ያ ስፌት ነው። ሰፊው ምን አገኘ? ቀልድ! «ትራሱን በእበት ነው የሞሉት» የሚል ቀልድ እስከ ዛሬ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይሄው ነው። ባለመኪናዎቹ ስማቸው በመጽሔት ሲወጣ፣ ከቲዋና ሰፊዎች ስሙ የሚታወስ እጅግ ጥቂት ነው።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ማረሻውን የሚሠራለትን ቀጥቃጭ «ቡዳ» እያለ፣ ሸማውን የሚያለብሰውን ሸማኔ እየሰደበ የኖረ ሕዝብ ነን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። አዋጁ ወጣ፣ ዓመሉ ግን ዛሬም አለ። አይሱዙ ሻንሲ ላይ ከባዶ ላሜራ ተነስቶ ቅጥቅጥ አውቶቡስ የሚያቆመው ባትላሜራ፣ አውቶቡሱ አልቆ ሲወጣ የባለቤቱ ልጅ ስም፣ ጥቅሱና የቅዱሳን ሥዕሉ ሁሉ ቦታ ያገኛል፤ የእሱ ስም ግን የትም የለም። እንግዲህ የአሜሪካኖቹን ትርዒት ሳይ የማውቀውን ነገር በክሮም ተለብጦ የማየው ያህል ነው።

ለዚህ ሁሉ መድኃኒት ተብሎ የሚቀርበው «ሁሉም እንደ ጣዕሙ፣ ማንም ማንንም አይተች» የሚለው ምክር ነው። እሱንም አልወደውም። አንድ ልጅ በራት ሮዱ ላይ የመሪውን ዘንግ ራሱ በይዶት፣ ብየዳው እንደ ወፍ ኩስ ተንጠባጥቦ ሲታይ፣ «ቆንጆ ነው ወንድሜ» ብሎ ማለፍ አክብሮት አይደለም። ይህ መሪ መንገድ ላይ ይቆረጥብሃል፣ ና ላሳይህ ብሎ ጎንበስ ማለት ነው አክብሮት። ንቀተኛው «ቆሻሻ» ብሎ ያልፋል፣ ጨዋው «ቆንጆ» ብሎ ያልፋል፤ ሁለቱም ብየዳውን አላዩትም። ሥራን ያየ ሰው ጥያቄ ይኖረዋል፤ ይህን ኩርባ እንዴት አመጣኸው? ሲቪኩ ላይ ተርቦውን የት አስቀመጥከው? ሙቀቱንስ ምን አደረግኸው? አሁን ደግሞ የድሮ መኪና ውስጥ ባትሪና የኤሌክትሪክ ሞተር የሚገጥሙ ልጆች መጥተዋል፤ ስለ ቮልቴጁ ከሚጠይቃቸው ይልቅ «ድምፅ የሌለው መኪና ምን መኪና ነው» የሚላቸው ይበዛል። ሼቭሮሌን ፎርድ ውስጥ በመክተቱ በወጣትነቱ የተሰደበ ሽማግሌ ጭምር!

ትርዒት ላይ ከእያንዳንዱ መኪና ፊት አንድ ሰሌዳ ይቆማል። የባለቤቱ ስም፣ ዓመተ ምሕረቱ፣ የሞተሩ ስፋት፣ የካምቢዮው ዓይነት፣ የቀለሙ መለያ ቁጥር ሳይቀር ይጻፍበታል። አዘጋጆቹ «ማን ምን ሠራ» የሚል መስመር ጨምረው ካላሟላኸው ለዳኝነት አትቀርብም ቢሉ፣ ገዝቶ ያመጣውም በጓሮው የለፋውም እኩል ይገደዳሉ፤ ያኛው የበያጁንና የቀቢውን፣ ይሄኛው የማሽን ሾፑን፣ የክሮም ቤቱንና የወንበር ሰፊውን ስም ይጽፋል። ቦታ የለም እንዳይሉ ብቻ፤ የቀለም ፋብሪካው ስምና አርማ የሰሌዳውን ሩብ ይዟል።